ጉንዳን መጣ!

ተረት ልጀምር ነውና ያልተቀመጠ ይቀመጥ፤ የተቀመጠም እንዳይተኛብኝ። ወሬው የእንስሳት ነው። ራሱን የሚያገኝበት ሰው ካለ ግን እኔን አይቀየመኝ።

ድሮ፣ ጫካው ገና ጫካ በነበረበት ዘመን፣ ሾላ ውሃ በሚባል ቦታ የሚኖሩ እንስሳት ትምህርት ቤት ነበራቸው። ትምህርት ቤቱ አንድ ትልቅ ዋርካ ነው። ከዋርካው ሥር ድንጋይ በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል፤ ድንጋዩ ላይ የጫካው ጎረምሶችና ኮረዶች ይቀመጣሉ። የሚማሩት ብዙ ነገር ነበር፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን የወጥመድ ትምህርት ነው። በየዓመቱ ክረምቱ እንዳለፈ ወጣቶቹ ያለ ወላጅ ብቻቸውን ሸለቆውን ተሻግረው ጨዋማ አፈር ወደሚላስበት ሜዳ ይሄዳሉ። ያንን አፈር ያልላሰ ወጣት አጥንቱ አይጠናም። አዳኞችም ይህን ስለሚያውቁ መንገዱ ላይ ወጥመድ ይዘረጋሉ። የወጥመድ ምልክቶች ሰባት ናቸው። ሰባቱን የሚያውቅ ይመለሳል፤ የማያውቅ ዕድሉን ይሞክራል።

አንድ ዓመት ሠላሳ ሄደው ሃያ አንድ ተመለሱ።

የጫካው ሽማግሌዎች ጉባኤ ተቀመጡና ሦስት ቀን ሙሉ ተወያይተው ጥፋቱ የልጆቹ እንደሆነ ወሰኑ። «የዛሬ ልጆች አይሰሙም» የሚል ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ ሁሉም ፈረመ። ለብዙ ዘመን ያስተማሩት የኔታ ኤሊም በክብር ጡረታ ወጡና የጉባኤው አባል ሆኑ። በእሳቸው ቦታ ስንዱ የምትባል ሚዳቋ ተቀጠረች።

ስንዱ ሥራ በጀመረችበት ቀን ርዕሰ መምህሩ የስም መጥሪያውን መዝገብ ሰጧት። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ደምሰው የሚባሉ ትልቅ ጎሽ ናቸው፤ ሲናገሩም ዝም ሲሉም ያመሰኳሉ። ስንዱ መዝገቡን ስትገልጥ ዘጠኝ ስሞች ላይ መስመር ተሰምሮባቸው አየች።

«ጋሼ፣ እነዚህ ምን ሆነው ነው?»

ጋሽ ደምሰው በአፋቸው የያዙትን ዋጡና ወደ ሸለቆው ተመለከቱ።

«ምልክቶቹን ሲማሩ ተኝተው ነበር» አሉ።

ስንዱ መዝገቡን ዘጋችና ወደ ክፍሏ ገባች። ሠላሳ ሁለት ወጣቶች ጠበቋት። ፊት ለፊት ማንያዘዋል የሚባል ጎረምሳ ዝንጀሮ አለ። ማንያዘዋል ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ እጁ ሥራ ካጣ የጎረቤቱን ጭራ ከድንጋይ ጋር ያስራል። መሃል ላይ ዳምጤ የሚባል ከርከሮ ተጎልቷል። ስሙ ዳምጤ ይሁን እንጂ አዳምጦ አያውቅም፤ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል፤ መተኛቱ የሚታወቀው ሲያንኮራፋ ብቻ ነው። ከኋላ ደግሞ ቀጭኔዋ ከፍያለሽ ቆማለች። አካሏ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጭንቅላቷ ግን ከዋርካው በላይ ወጥቶ ቅጠል ይበላል። ስሟ ሲጠራ አቤት ለማለት ትንሽ ጊዜ ይወስድባታል።

ስንዱ ያላደረገችው ነገር የለም። ቀስ ብላ ተናገረች፤ ጮኸች፤ ለመነች፤ ተቆጣች። የመጀመሪያውን ምልክት ስታስተምር ሁሉም ያዳምጧታል። ትንሽ ቆይቶ ዓይናቸው እንደ ኩሬ ውሃ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ለዋርካው ብታስተምር ይሻል ነበር። ቢጨንቃት ጋሽ ደምሰው ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ምን ልሁን? እፊቴ ቁጭ ብለው የሉም እኮ!»

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። የኔታ ኤሊም እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።»

«ልጆቹ ይሰሟቸው ነበር?»

ጋሽ ደምሰው አሰቡ። «አይ፣ አይሰሟቸውም ነበር» አሉ። «ድምፃቸውን ግን ከፍ ያደርጉ ነበር።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ስንዱ ሦስተኛውን ምልክት ታስተምር ነበር። «ነፋሱ ወዲህ እየነፈሰ ሣሩ ወዲያ ከተጋደመ ቁሙ! ሣር በራሱ ጊዜ ከነፋስ ጋር አይጣላም። እጅ ነክቶታል ማለት ነው» አለች። ዳምጤ አንኮራፋ። ማንያዘዋል የጎረቤቱን የአጋዘኑን ጭራ እያሰረ ነበር። ከፍያለሽ ጭራሽ አልነበረችም።

በዚህ መሃል ከዋርካው ሥር ጉንዳን ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«ጉንዳን!» ብሎ ጮኸ ማንያዘዋል። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተነሳ። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ያራግፋል፣ አንዱ በአንድ እግሩ ይሽከረከራል። ዳምጤ ጭራውን እንደ እንጨት ቀጥ አድርጎ እዚያው ዙሪያውን ሮጠ። ከፍያለሽ እግሯን ለማየት አንገቷን ብታወርድ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ክፍል ውስጥ ታየ፤ «አንቺ ቆንጆ ነሽ እንዴ!» ያላትም ነበር። ስንዱ ራሷ ከመዝለልም አልፋ እንደ ጠረጴዛ የምትጠቀምበትን ድንጋይ ተሻገረች። ጉንዳኑ እንደመጣ ሄደ። ማዶ የቆሙት ጋሽ ደምሰው አንድ ጊዜ አመስኩተው እስኪውጡ እንኳ አልቆየም።

ልጆቹ እያለከለኩና እየሳቁ ተቀመጡ። ስንዱ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«እ... የት ደርሰን ነበር?»

«ሣር ከነፋስ ጋር አይጣላም!» የሚል ድምፅ ከመሃል መጣ።

ሁሉም ዞረው አዩ። የተናገረው ዳምጤ ነበር። ዳምጤ ራሱ ማን እንደተናገረ ለማየት ዞሮ ነበር።

ስንዱ ጊዜ አላጠፋችም። እዚያው በቆመችበት አራተኛውን ምልክት ጀመረች። ዓይኖች ሁሉ እሷ ላይ ነበሩ፤ አንድም አልሸሸም። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ እግሯ መሬት አልነካም።

በማግሥቱ ጉንዳን ጠበቀች፤ ጉንዳን አልመጣም። የልጆቹ ዓይን ዝም ማለት ሲጀምር ግን መሬቱን በእግሯ መትታ «ጉንዳን መጣ!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ተነስተው ረገጡ። ቀጥሎ ወደ መሬት አዩ።

«ቲቸር፣ የለም እኮ!» አለ ማንያዘዋል።

«አውቃለሁ። እናንተ እንዳለ አድርጋችሁ አራግፉ። ጋሽ ደምሰው ሲውጡ ትቀመጣላችሁ።»

ልጆቹ በጣም ሳቁ፤ ደግሞም አራገፉ። ጋሽ ደምሰው ዋጡ። ተቀመጡና ተማሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጭሩ እረፍት ስሙ «ጉንዳን» ሆነ። ስንዱም መጠኑንና ዓይነቱን እያየች አወቀችው። አንድ ቀን ሳቃቸው ደስ ቢላት ጋሽ ደምሰው አምስት ጊዜ እስኪውጡ ዝም አለቻቸው፤ ግማሹ ክፍል ወንዝ ወረደ፣ ማንያዘዋል ዋርካው ጫፍ ላይ ወጥቶ እስከ ቀትር አልወርድም አለ። ሌላ ቀን ደግሞ ሁሉም ሲዘሉ ከፍያለሽን ብቻዋን ዛፍ ተደግፋ ቆማ አየቻት። ከትምህርት በኋላ ጠርታ ጠየቀቻት።

«ስዘል እግሮቼ ይጠላለፉብኛል፤ ይስቁብኛል» አለች ከፍያለሽ አንገቷን ደፍታ። «ቲቸር፣ እኔ ዓይን ሲበዛብኝ ሞት ነው የሚመስለኝ።»

በማግሥቱ ስንዱ «ዛሬ ጉንዳኑ የሚመጣው በጆሮ ነው» አለች። «ዓይናችሁን ጨፍኑና አምስት ድምፅ ለቅማችሁ አምጡልኝ።» ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ የንብ ድምፅ አመጣ፣ አንዱ የጋሽ ደምሰውን ጉሮሮ። ከፍያለሽ ግን ከሸለቆው ማዶ የአዳኝ ውሻ ሲጮህ ሰማች። ማንም ያን ያህል ርቆ አልሰማም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልሳቀባትም፤ ቢስቁባትም እሷ አብራ ትስቅ ነበር።

ክረምቱ ሊጋመስ ሲል ክፍሉ አምስት ምልክቶችን አወቀ። ሁለት ቀሩት።

ይሁንና ሳቅ አይደበቅም። አንድ ቀን «ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሳቅ ተሰምቷል» የሚል አቤቱታ ለጉባኤው ደረሰ። ጉባኤው በአስቸኳይ ተጠራ። ሰብሳቢው ጥርሳቸው ያለቀ፣ ድምፃቸው ግን ያላለቀ ሽማግሌ አንበሳ ነበሩ። ስንዱና ጋሽ ደምሰው ቀርበው ቆሙ።

«ትምህርት ቤት ውስጥ ጉንዳን ይገባል ተብሏል» አሉ አንበሳው። «ጉንዳኖቹ ፈቃድ አላቸው?»

«ክቡር ሊቀመንበር፣ ጉንዳን የለም» አለች ስንዱ።

«ከሌለ ማን አስገባው?»

ስንዱ ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳች። የወጣት አእምሮ ቶሎ እንደሚሞላ፣ ሲሞላ የሚጨመርበት ሁሉ እንደሚፈስ፣ ለአፍታ ከተነቃነቀ ግን እንደገና ቦታ እንደሚያገኝ ነገረቻቸው። የኔታ ኤሊ አንገታቸውን ከድንጋያቸው ውስጥ አወጡ።

«እኛ ተቀምጠን ነው የተማርነው! እኔ ጀርባዬ እንዲህ እስኪደነድን ድረስ ተቀምጫለሁ። ምን ጎደለኝ?»

ሁሉም ጀርባቸውን አየ።

በመጨረሻ አንበሳው ልጆቹ ይፈተኑ አሉ። ክፍሉ መጣና ቆመ። ዳምጤን አወጡት፤ እሱን የመረጡት በእንቅልፉ ስለሚታወቅ ነው። ዳምጤ ግንባሩን አላበውና ጀመረ። አዲስ የተቆፈረ አፈር፣ የሰው እጅ የሚሸት ገመድ፣ ከነፋስ የተጣላ ሣር፣ ነጭ ሆኖ የሚታይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ፣ ጫካ ውስጥ የማይገኝ ቀጥ ያለ መስመር፤ አምስቱን ከነምክንያታቸው ዘረገፋቸው። ካለፈው ዓመት ልጆች ሁለት ምልክት እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ከኋላ አንዲት አሮጊት አጋዘን አለቀሰች፤ ልጇ ከዘጠኙ አንዱ ነበር።

«ይህ ድንቅ ነገር ነው!» አሉ አንበሳው። ስንዱ በደስታ አንገቷን ቀና አደረገች። «እንዲህ ያለ ድንቅ ነገር በአንዲት ሚዳቋ እጅ መተው የለበትም። ባለሙያ ይሰጠው!»

ባለሙያው ሰብስቤ የሚባል ቀበሮ ነበር። አራት ጊዜ ወንዝ ተሻግሮ ሥልጠና ወስዶ ተመልሷል፤ ምን እንደሠለጠነ ግን እስካሁን የጠየቀው የለም። ሁልጊዜ ቦርሳ ይይዛል። በማግሥቱ ስንዱ ዘንድ መጣ።

«መምህርት፣ ይህን እረፍት ከየት ተማሩት?»

«ከጉንዳን።»

«ሰነድ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያውስ እስካሁን አልነበረም ማለት ነው» አለና ጻፈ።

ከአሥር ቀን በኋላ ሰብስቤ መመሪያውን ይዞ ብቅ አለ። «የተቀናጀ የአፍላ ወጣቶች አእምሮ ማሳረፊያ ፕሮግራም» ይባላል። እረፍቱ ጠዋት በመክፈቻ ንግግር ይጀምራል። ምዕራፍ አንድ የእረፍት ታሪካዊ አመጣጥ፣ ምዕራፍ ሁለት የእረፍት ዓላማዎች፣ ምዕራፍ ሦስት የእረፍት ተግዳሮቶች ነው። ከድንጋይ ላይ መነሳት የሚፈቀደው በምዕራፍ አራት ነበር፤ ማንም ግን ምዕራፍ ሁለትን አልፎ አያውቅም። ተማሪው ከእረፍት በፊትና ከእረፍት በኋላ ይፈርማል። መሳቅ የሚቻለው በረድፍ ነው፤ የፊተኛው ረድፍ ጨርሶ ካልሳቀ ሁለተኛው አይጀምርም። በሳምንቱ መጨረሻ ፈተና አለ፦ «እረፍት ስንት ዓይነት ነው? ዘርዝር።» በእረፍት የወደቀ ተማሪ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ቀርቶ ማካካሻ እረፍት ይወስዳል። ዳምጤ ሁልጊዜ ወደቀ። ከማረፍ ብዛት ደክሞት ሊሞት ደረሰ።

የልጆቹ ዓይን እንደገና ኩሬ ሆነ። ከፍያለሽ አንገቷን ወደ ላይ መለሰች። ማንያዘዋል ጭራ ማሰር ትቶ የራሱን ጭራ አቅፎ መተኛት ጀመረ፤ ይህንን ሰብስቤ «የባህርይ መሻሻል ታይቷል» ብሎ መዘገበው።

ስንዱ ጥግ ላይ ቆማ ታያለች። ክረምቱ እያለቀ ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ አደይ አበባ ሜዳውን ሊሸፍነው ነው። ሁለቱ ምልክቶች ደግሞ ገና ናቸው። «አቶ ሰብስቤ፣ እባክዎ ትንሽ ሰዓት ይስጡኝ፤ የሚቀረኝ ትምህርት አለ» ብትለው «መምህርት፣ ልጆቹ ሳያርፉ እንዴት ይማራሉ?» አላት። ወደ ጋሽ ደምሰው ሮጣ እንባዋ እየመጣ ነገረቻቸው።

«ከመዝገቡ ላይ ስም የሚሰርዘው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ደምሰው። ከዚያ በኋላ ማመስኳታቸውን አቆሙ። ይህ ሆኖ አያውቅም።

ሰብስቤ አንድ ድክመት ነበረበት፤ ብዙ ሲናገር ጉሮሮው ይደርቃል። በየመሃሉ ወደ ምንጩ ወርዶ ውሃ ይጠጣና ይመለሳል። በማግሥቱ ገና ጀርባውን ሲያዞር ስንዱ ከጥጉ ዘልላ መሃል ቆመች።

«ስድስተኛው ምልክት!» አለች በሹክሹክታ። «ወፎች በአንድ ጊዜ ዝም ካሉ ያዩት ነገር አለ። አንድ እርምጃ እንዳትጨምሩ!»

ሠላሳ ሁለቱም ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያ ሁሉ ንግግር በኋላ ያቺ አጭር ትምህርት እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ገባቻቸው። ከፍያለሽ አንገቷን አወረደች። ዳምጤ «ድገሚልን፣ ቲቸር» አለ። ማንያዘዋል ሳይላክ ዋርካው ላይ ወጥቶ መንገዱን ይጠብቅ ጀመር። «እየመጣ ነው!» ሲል ሁሉም ወደ ነበሩበት ተመልሰው ፈዘዙ። ዳምጤ እንዲያውም አንኮራፋ፤ ማንም እንደ እሱ አስመስሎ ማንኮራፋት አይችልም።

ጋሽ ደምሰውም ሥራ አገኙ። ቀበሮው ምንጩ ዘንድ ሲደርስ መንገዱ ላይ እንደ ግንብ ይቆማሉ።

«አቶ ሰብስቤ፣ ምዕራፍ ሁለት አልገባኝም፤ ቢደግሙልኝ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ማንም አልነበረምና ሰብስቤ በደስታ ይደግምላቸዋል። ጉሮሮው ይደርቃል፤ እንደገና ይጠጣል፤ እሳቸው እንደገና አይገባቸውም። ስንዱ በእነዚህ ክፍተቶች ስድስተኛውን አስተማረች፣ አምስቱን ከለሰች፣ ሰባተኛውንም ጨመረች።

«ሰባተኛው ከሁሉም ይከፋል» አለቻቸው። «የምትወዱት ነገር ያለቦታው፣ መንገድ መሃል፣ እናንተን ሲጠብቅ ካገኛችሁት ሽሹ። ማን እንዳስቀመጠው ጠይቁ።»

ክረምቱ አለፈ። የጉዞው ቀን ደረሰ። እናቶች ከጫካው ዳር ቆመው ሸኙ፤ ልማዱ ስለሆነ ማንም ከዚያ አላለፈም። ሰብስቤ ግን ሜዳው ላይ የፕሮግራሙን መዝጊያ ንግግር ማድረግ አለብኝ ብሎ ቦርሳውን አንግቦ ፊት ፊት ሄደ። እየሄደም ያስረዳል።

እስከ ሸለቆው ወገብ ደህና ሄዱ። አንድ ቦታ ላይ ከፍያለሽ የተጋደመ ሣር አየችና ዙረው አለፉ። አንድ ቦታ ላይ ዳምጤ አፍንጫውን ነፋና «የሰው እጅ» አለ፤ በዳር አለፉ። ሰብስቤ እንኳ እነሱ ሲዞሩ አብሮ ይዞራል፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቀም፤ እየተናገረ ነበራ። መንገዱ ከሚጠብበት ቦታ ሲደርሱ ማንያዘዋል እጁን አንስቶ ሁሉንም አስቆመ።

«አቶ ሰብስቤ፣ ይቁሙ! ወፎቹ ዝም ብለዋል!»

«ዝም ማለታቸው ተገቢ ነው» አለ ሰብስቤ። «እኔ እየተናገርኩ ነው።»

ፊት ለፊቱ፣ መንገዱ መሃል፣ ሰፊ ቅጠል ላይ ሁለት ነገሮች ተቀምጠው ነበር፤ አንድ ነጭ የጨው ድንጋይና አንድ የሚያብረቀርቅ የሥጋ ቁራጭ።

«የአቀባበል ኮሚቴ መኖሩን አልነገሩኝም» አለና ቅጠሉን ረገጠ።

ታጥፎ የታሰረው ለጋ ዛፍ ተፈናጥሮ ቀና አለ። ሰብስቤ በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ አየር ላይ ዋለለ። ቦርሳው ተከፈተና መመሪያው በሸለቆው ተበተነ። ከማዶ የአዳኝ ውሻ ጮኸ፤ ሌላም መለሰለት።

ጥቂቶቹ ወደ ኋላ ሊሮጡ ቃጡ። «አትሩጡ! ረድፋችሁን ይዛችሁ ባለፋችሁበት ተመለሱ፤ ሌላ ወጥመድ ይኖራል!» አለች ከፍያለሽ። ያቺ ዓይን ሲበዛባት የምትሞት ልጅ ሠላሳ አንድ ጓደኞቿ እያዩዋት ወጣች፤ በረጅም አንገቷ ዛፉን ጎንበስ አደረገችው። ዳምጤ ገመዱን በክራንቻው ከረከረ። ማንያዘዋል ቋጠሮውን ፈታ። ቀበሮው ሲወድቅ ዳምጤ ጀርባው ላይ አረፈ፤ እንደተሸከመው ሮጠ። ውሾቹ ሲደርሱ ያገኙት ምዕራፍ ሦስትን ብቻ ነበር።

በሌላ መንገድ ዞረው ሜዳው ደረሱ፤ ጨውን ጠግበው ላሱ። በሦስተኛው ቀን ከጫካው ዳር ታዩ። ጋሽ ደምሰው መዝገቡን ይዘው ቆመው ነበር። አንድ ጊዜ ቆጠሩ። አላመኑምና ደግመው ቆጠሩ። ሠላሳ ሁለት። መዝገቡን ለስንዱ ሰጧትና ከአንድ ዛፍ ጀርባ ሄደው ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ እያመሰኩም ነበር።

ጉባኤው ለምስጋና ተጠራ። ሰብስቤ እግሩ በቅጠል ተጠምጥሞ ተነሳና ሪፖርት አቀረበ። ፕሮግራሙ መቶ በመቶ ውጤታማ መሆኑን፣ በመስክ ላይ የተግባር ልምምድ በባለሙያው መሪነት መካሄዱን አስረዳ። ተጨበጨበለት። የአበባ ጉንጉንም አመጡለት። ይህን ጊዜ ማንያዘዋል አልቻለም። ከኋላ ዘልሎ ድንጋይ ላይ ወጣ።

«ውሸት ነው! እኛን ያዳነን እሱ ውሃ ሊጠጣ ሲሄድ ቲቸር ስንዱ በስርቆሽ ያስተማረችን ነው! ሲጠጣ ብቻ ነው የተማርነው! አጭር አጭር ትምህርት!»

ስንዱ ዓይኗን ጨፈነች። ጋሽ ደምሰው ኮቴያቸውን አዩ። አንበሳው ጺማቸውን ዳሰሱ።

«ስለዚህ ልጆቹ የዳኑት በአጭሩ ትምህርት ነው?»

«አዎ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«እውነት ከሆነ ጥፋታችንን እናምናለን» አሉ አንበሳው፤ የጉባኤው አባላትም እንዲህ ያለ ትሕትና ሰምተው ስለማያውቁ ተነክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እረፍቱ ላይ ብዙ ደከምን፤ አጭሩን ትምህርት ግን ረሳነው። ከእንግዲህ አጭሩ ትምህርት ይጠናከር! ከጠዋት እስከ ማታ ይሰጥ!»

ጭብጨባው ዋርካውን አንቀጠቀጠው። የኔታ ኤሊ ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ። ሰብስቤ አዲስ ወረቀት አውጥቶ «ምዕራፍ አንድ፦ የአጭር ትምህርት ታሪካዊ አመጣጥ» ብሎ ጽፎ ነበር።

ስብሰባው ሲበተን ማንያዘዋል ስንዱን ተከትሎ ሄደ። ጆሮው ወድቋል።

«ቲቸር፣ እኔ እውነቱን ነው የተናገርኩት። ምን አጠፋሁ?»

ስንዱ ቆም ብላ ራሱን ዳበሰችው።

«ምንም አላጠፋህም፣ ልጄ» አለችው። «ከእንግዲህ ግን የሚጠቅም ነገር ስታገኝ ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙ። ያሻሽሉታል።»